ቢሲሲ ምንድን ነው? ለምንስ ስሙ ጠፋ?

ኢሜይል ስንልክ አድራሻ የምንጽፍባቸው ሦስት ቦታዎች አሉ፦ «ለ» (To)፣ «ሲሲ» (CC፣ ግልጽ ቅጂ) እና «ቢሲሲ» (BCC፣ ድብቅ ቅጂ)። ሰሞኑን አንድ አስተያየት ሰጪ «ጨዋ ሰው ቢሲሲ አይነካም፤ ከጀርባ መውጊያ ነው። ሁሉንም በግልጽ ሲሲ አድርጉ» ሲል አነበብኩ። ይህን ምክር ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። ሥራዬ የሜይል ሰርቨር (ኢሜይል የሚያደርስ ኮምፒውተር) ማስተዳደር ስለሆነ መዘዙን አውቃለሁ፣ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ኢሜይል ፖስታ ውስጥ እንደገባ ደብዳቤ ነው። «ለ» እና «ሲሲ» ላይ ያለው አድራሻ ደብዳቤው አናት ላይ ይጻፋል፣ የደረሰው ሁሉ ያየዋል። የቢሲሲ አድራሻ ግን ፖስታው ላይ ብቻ ነው ያለው። ሰርቨሮች ፖስታውን አይተው ያደርሳሉ፣ ከደረሰ በኋላ ፖስታው ይጣላል። (እናንተ ጋ በሚቀረው ቅጂ ላይ ግን ዝርዝሩ አብዛኛውን ጊዜ አለ፤ ስክሪን ስታጋሩ ተጠንቀቁ።)

ስለዚህ ቢሲሲ የሚደብቀው አድራሻ ነው። ተቀባዮችን ከማያውቋቸው ሰዎች ይጠብቃል። ለማይተዋወቁ ሰዎች የምትጽፉ ከሆነ ጨዋነቱ እዚህ ላይ ነው፤ የሰው አድራሻ የእናንተ ንብረት አይደለማ!

እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2021 የብሪታንያ መከላከያ ሚኒስቴር ከአፍጋኒስታን ለመውጣት ይጠባበቁ ለነበሩ ከ240 በላይ ሰዎች አንድ ኢሜይል ላከ፣ አድራሻቸውንም በሙሉ «ለ» ላይ ደረደረው። ታሊባን ቢያገኛቸው ሕይወታቸው አደጋ ላይ የሚወድቅ ሰዎች ናቸው። ይባስ ብሎ ከተቀባዮቹ ሁለቱ «ለሁሉም መልስ» (Reply All) ብለው መለሱ፣ አንዱማ ያለበትን ቦታ ጭምር ጻፈ። ሚኒስቴሩ በ2023 350 ሺህ ፓውንድ ተቀጣ። ታዲያ በግልጽ መደርደሩ ነው ጨዋነቱ? እርግጥ እንዲህ የሰው ሕይወት ላይ ለሚመጣ ዝርዝር ቢሲሲም አይበቃም። አንድ የጣት ስህተት ሁሉን ያጋልጣልና ለእያንዳንዱ ለየብቻ የሚልክ ሲስተም ነው የሚያስፈልገው።

አስተያየት ሰጪው ልክ የሆነበት ቦታም አለ። ከባልደረባችሁ ጋር እየተጻጻፋችሁ አለቃን በቢሲሲ ማስገባት ነውር ነው። አደጋም አለው፤ አለቃው ሳያስተውል «ለሁሉም መልስ» ካለ ተደብቆ እንደነበር ሁሉም ያውቃል። እንዲያውቅ ከፈለጋችሁ በግልጽ ሲሲ አድርጉት።

ከሌላ ሰው ጋር በኢሜይል ያስተዋወቃችሁንም ሰው ስታመሰግኑ ወደ ቢሲሲ አዛውሩት፣ ማዛወራችሁንም እዚያው ጻፉ። ያቺን አንዲት መልእክት ያያል፣ ከዚያ በኋላ የምትጻጻፉት ሁሉ ሳጥኑን አያጣብብበትም።