ስለ ድሮ ስፖርት መኪና ወንበር ስፖንጅ የሚባለውና እውነታው

በጅማ መንገድ፣ አለም ገና አካባቢ የመኪና ወንበር ለምንሠራ ሰዎች የድሮ ስፖርት መኪና ሲመጣ ደስታ ነው። ባለቤቱ ሞተሩን አሳድሶ፣ ቀለሙን አስቀብቶ፣ ክሮሙን አስወልውሎ ወንበሩን የሚያስታውሰው ግን መጨረሻ ላይ ነው። ስለ ስፖንጁ ይዞት የሚመጣው ሐሳብም አብዛኛውን ጊዜ ከሰው የሰማው ነው፤ ከሰማው ውስጥ ገንዘቡንም ወገቡንም የሚጎዳ አለ።

«ስፖንጅ ጠንካራ ከሆነ ዕድሜው ረጅም ነው»

ከሁሉም የበለጠ ጉዳት ያደረሰው ይህ ነው። ገዢ ስፖንጁን በአውራ ጣቱ ጫን ያደርግና «ይህ ጠንካራ ነው፣ ይህን ስጠኝ» ይላል። ጥንካሬ ስፖንጁን ለመጫን የሚጠይቀው ኃይል ነው። እፍግታ ደግሞ አንድ ሜትር ኩቡ ስንት ኪሎ እንደሚመዝን ይነግረናል። ሁለቱ አብረው አይሄዱም፤ ፋብሪካ በቅመማው ቀላል ሆኖ ጠንካራ፣ ከባድ ሆኖ ለስላሳ የሆነ ስፖንጅ ማውጣት ይችላል። ቀላሉና ጠንካራው በመጀመሪያው ቀን ሲቀመጡበት ያኮራል፤ ውስጡ ያለው ቁስ ትንሽ ስለሆነ ግን ቶሎ ይደክምና መሃሉ ይሰረጉዳል። ዕድሜን በዋናነት የሚወስነው እፍግታ ነው።

ስለዚህ ስፖንጅ ልትገዙ ስትሄዱ ሚዛን ይኑራችሁ። ርዝመቱም ስፋቱም 50 ሴንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ 10 ሴንቲ ሜትር የሆነ ቁራጭ 0.025 ሜትር ኩብ ነው። 1 ኪሎ ከመዘነ እፍግታው 40 ኪሎ በሜትር ኩብ ይሆናል። ግማሽ ኪሎ ከሆነ 20 ነው፤ ለጀርባ መደገፊያ ይሁን ቢባል እንኳ ለመቀመጫ አልወስደውም። ሰው ፍራሽ ላይ ሲተኛ ክብደቱ በሰፊው ይበተናል፤ ወንበር ላይ ግን አብዛኛው ክብደት በመቀመጫ አጥንቶች ሥር ይከማቻል፣ የኮረኮንች መንገዱ ንዝረትም ይጨመርበታል።

«አሮጌው ስፖንጅ ቆሻሻ ነው፣ ይጣል»

እባካችሁ አትጣሉት! ፖሊዩሬታን የተባለው ስፖንጅ ለአየር፣ ለብርሃንና ለእርጥበት እየተጋለጠ ይበሰብሳል። ለዚህ ነው ልብሱ ሲገፈፍ ቡናማ ዱቄት ምንጣፉ ላይ የሚፈሰው። የደቀቀ ቢሆንም ሹፌሩን ከግራና ከቀኝ የሚያቅፉት ጉብታዎች ቁመት፣ ልብሱን ወደ ታች የሚስበው ሽቦ የሚያልፍበት ቦይ፣ የመቀመጫው ዝንባሌ፣ ሁሉም በእሱ ላይ ተጽፏል። አፍና አፍንጫችሁን ሸፍናችሁ አውጡት፣ ፎቶ አንሱት፣ ቅርጹን በወረቀት ላይ አስቀሩት። ውፍረቱን ሰው ካልተቀመጠበት ዳር ለኩ፤ መሃሉ ወርዷልና ያታልላል።

«የድሮ ወንበር ሁሉ ውስጡ ስፖንጅ ነው»

አይደለም። ፖሊዩሬታን በጀርመን በኦቶ ባየር የተፈለሰፈው በ1937 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ሲሆን፣ ለስላሳው ዓይነት ወደ ገበያ የገባው በ1950ዎቹ ነው። እንደ ፖርሽ 356 ያሉ መኪኖች ወንበር የብረት ሞላ ላይ የተነጠፈ የእንስሳ ፀጉርና የኮኮናት ቃጫ ነበረው። በብዙ የእንግሊዝ መኪኖች ደግሞ ከስፖንጁ ሥር የተወጠረ ላስቲክ አለ። ላስቲኩ ከላላ ወይም ሞላው ከተሰበረ የትኛውም ስፖንጅ አያድናችሁም፤ መጀመሪያ እሱ ይጠገን። በሞላውና በስፖንጁ መካከል ደህና ጆንያ አንጥፉ፤ ያለበለዚያ ሽቦው ስፖንጁን ከሥር እየበላ ይጨርሰዋል።

«ኬሚካሉን ገዝቶ ቅርጽ ውስጥ ማፍሰስ ነው»

ሲዋሃዱ ስፖንጅ የሚሆኑትን ሁለት ፈሳሾች ቀላቅሎ ማፍሰስ ሲታይ ቀላል ይመስላል። እኛ ግን የምንሠራው ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ነው። እዚህ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ስለሆነ ስፖንጁን የሚነፋው ጋዝ የበለጠ ይሰፋል፤ ውጤቱም ጣሳው ላይ ከተጻፈው የቀለለ ስፖንጅ ነው። ጠዋት ጠዋት ብርዱም ቅልቅሉን ያዘገየዋል። በትንሽ ዕቃ ሞክሮ፣ ቆርጦና መዝኖ ካላዩ በስተቀር መጠኑን ማወቅ አይቻልም። ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን ከሁለቱ አንዱ፣ አይሶሳያኔት የተባለው ፈሳሽ ነው፤ እንፋሎቱ አስም ያስይዛል፣ የአቧራ ጭምብልም አያግደውም። ለበርና መስኮት ክፍተት የሚረጨውን ፎም የሚያስቡም አሉ፤ እሱ ሲደርቅ ግትር ስለሚሆን ከተጫነ ተመልሶ አይነሳም። ለአንድ ጥንድ ወንበር የኔ ምርጫ ግልጽ ነው፦ ፋብሪካ ሠርቶ በሉህ ከሚሸጠው ጥሩ ስፖንጅ መቁረጥ፣ ጠንከር ያለውን ከታች፣ ለስለስ ያለውን ከላይ መደረብ።

«ሲወፍር ይመቻል»

ስፖርት መኪና ዝቅ ያለ ነው። ጥቂት ሴንቲ ሜትር ሲጨመር ራስ ከሸራው ጣሪያ ጋር ይጋጫል፣ ጭን መሪው ሥር ይታፈናል፣ የመስታወቱ የላይኛው ጠርዝ ዓይን ፊት ይገተራል። ልብሱ እንዲወጠር ስፖንጁ ከልብሱ ትንሽ ተለቅ ቢል በቂ ነው። ልብሱ ከመሰፋቱ በፊት ባለቤቱ ራሱ መኪናው ውስጥ ገብቶ፣ መሪ ይዞ፣ ፍሬን ረግጦ ይቀመጥበት።

«ማስቲሽ ሲበዛ ይጸናል»

ማስቲሽ ሲደርቅ ይጠነክራል፤ በብዛት የተቀባበት ቦታም ከልብሱ ሥር እንደ ጠባሳ ይቆረቁራል። በስሱ ሁለቱም ፊት ላይ ይቀባ፣ ትንሽ ይጥፈፍ፣ ከዚያ ይጣበቅ። መጋጠሚያው ሰው ከሚቀመጥበት መሃል ራቅ ብሎ ይዋል።