«ካንዴላው ነው» እያላችሁ አትምጡብኝ

ባሕር ዳር ውስጥ እቤቱ ትንሽ ሞተር የሚሠራ ልጅ ሁሉ ቶርኖ ቤቴ ሲመጣ የሚናገረው ነገር አንድ ነው። ሞተሩን ከፌስታል ያወጣና «ጋሼ፣ አልነሳ አለኝ፤ ካንዴላው ነው መሰለኝ» ይላል። ካንዴላ ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለውን ብልጭታ የሚሰጠው ነው። ሰለቸኝ። ስለዚህ ይህንንም ሌሎቹንም የተሳሳቱ አባባሎች ከነመልሳቸው ልጻፋቸው።

«ካልተነሳ ካንዴላው ነው»

አብዛኛውን ጊዜ አይደለም። የኮምፕሬሽን (ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው አየር መታመቅ) ማነስ ነው። ካንዴላ የሚጠረጠረው ፈትቶ ማየቱ ቀላል ስለሆነ ብቻ ነው። ቤንዚንና አየሩ በደንብ ካልታመቀ ግን የፈለገው ብልጭታ ቢመጣ ጉልበት የለም። ትልቅ ሞተር ትንሽ ቢተነፍስም ችሎ ይሠራል። አውራ ጣት የምታክል ሲሊንደር ግን የያዘችው አየር ጥቂት ነው፤ ፀጉር በምታህል ክፍተት ሾልኮ ያልቃል።

አንድ የሽምብጥ ሰፈር ልጅ ካንዴላ በላይ በላዩ ሲገዛ ከርሞ መጣ። የካንዴላውን ቀዳዳ በጣቴ ደፍኜ ቮላኖውን (የሞተሩን ከባድ መዘውር) አዞርኩት። ጣቴን የሚገፋ ነገር የለም። «የብስክሌት ፓምፕ አምጣ» አልኩት፤ ባሕር ዳር ውስጥ መቼም ፓምፕ አይጠፋም። ሸክላውን አውጥቼ የጎማ መንፊያ የበየድኩበት አሮጌ ካንዴላ አለኝ። እሱን አሰርኩና ፒስቶኑን ሁለቱም ቫልቮች የሚዘጉበት የላይኛው ጫፍ ላይ አቆምኩት። ልጁ ቮላኖውን ጥርቅም አድርጎ ያዘ፤ እኔ ነፋሁ።

ከዚያ ወዲያ ሥራው የጆሮ ነው። በካርቡራተሩ (ቤንዚንና አየር በሚቀላቅለው) በኩል ከተነፈሰ ማስገቢያ ቫልቩ ነው። በጭስ ማውጫው ከሆነ ማስወጫው። ከታች፣ ከክራንኩ (የሞተሩ ዋና ዘንግ) ቤት ከተሰማ ፋሻው (የፒስቶኑ ቀለበት) ወይም ሲሊንደሩ ነው። ቴስታታው (የሲሊንደሩ ክዳን) ዙሪያ ደግሞ የሳሙና ውሃ ቀቡ፤ አረፋ ከሠራ ጓርኒሲዮኑን (በመሃል የሚገባውን ማሸጊያ) ቀይሩ።

የልጁ በጭስ ማውጫው «ፍስስስ» አለ። ቫልቩን የቫልቭ መሞረጃ ቅባት ቀብተን መቀመጫው ላይ ወዲያ ወዲህ እያሽከረከርን አሸነው። ዙሪያውን ያልተቆረጠ ግራጫ ቀለበት ሲያወጣ አቆምን። ሞተሩ በዚያው በአሮጌው ካንዴላ ተነሳ። አዲሶቹ ኪሱ ውስጥ ቀሩ።

«ውጭ ብልጭ ካለ ውስጥም ብልጭ ይላል»

የታመቀ አየር ውስጥ ብልጭታ መዝለል ይከብደዋል። ደካማ ኮይል (ለካንዴላው ኤሌክትሪክ የሚሰጠው) ውጭ ላይ ያምርባችኋል፣ ውስጥ ይከዳችኋል።

«እምቢ ሲል ቤንዚን ጨምር»

ካንዴላው ይረጥባል፣ ይብሳል። ፈትታችሁ አድርቁት፤ ቤንዚኑን ዝጉና ሞተሩን ባዶውን አዙሩት።

«ካምሻፍቱ ከክራንኩ እኩል ይዞራል»

ካምሻፍት ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ ነው፤ ባለ አራት ምት ሞተር ላይ በክራንኩ ግማሽ ፍጥነት ነው የሚዞረው። የክራንኩ ጊር 20 ጥርስ ካለው የካሙ 40 ይሁን።

«ፒስቶኑም ሲሊንደሩም አሉሚኒየም ቢሆን ይቀላል»

ለመቅረጽ ይቀላል፣ ከዚያ ይነካከስና ይደርቃል። ሲሊንደሩን ካስት አይረን አድርጉት። አሉሚኒየም ሲሞቅ ከካስት አይረን እጥፍ ያህል ስለሚሰፋ ለፒስቶኑ ትንሽ ክፍተት መተው አትርሱ። በብርድ ልክክ ያለ ፒስቶን ሲሞቅ ይጣበቃል።

«ካርቡራተሩን ቪዲዮው ላይ እንዳለው አስተካክያለሁ»

ቪዲዮውን የሠራው ሰው የት ሆኖ ነው? ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የጣና ውሃ አጠገብ ስለቆማችሁ ዝቅተኛ ቦታ ያላችሁ ይመስላችኋል። አየሩ ግን ከባሕር ጠረፍ አየር በአንድ አምስተኛ ገደማ ይሳሳል። አንድ ግራም ቤንዚን በደንብ ለመቃጠል 14.7 ግራም ያህል አየር ይፈልጋል። እዚያ ልክ የሆነው የካርቡራተሩ ቤንዚን መጣኝ መርፌ እዚህ ቤንዚን ያበዛል ማለት ነው። ካንዴላው ጥቁር ደረቅ ጥላሸት ካበጀ መርፌዋን ጥቂት ጥቂት እያላችሁ አጥብቁ። ሩቡን ዙር ባንዴ አታዙሩ፤ በየመሃሉ ጆሯችሁን ስጡት።

«ትንሽ ስለሆነ ቤት ውስጥ ባስነሳው ችግር የለውም»

ጭሱ ይሸታል፤ ውስጡ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን አይሸትም፣ አይታይም። መስኮት ገርበብ ማድረግም አይበቃም። ግቢ አውጥታችሁ አስነሱት። ጎረቤት ከጮኸ ይጩህ።