ሂርማታና ፈረንጅ አራዳ፦ የጅማ ነባር የንግድ ሰፈር

ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምዕራብ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኘው ጅማ ከተማ ከመባሏ በፊት ገበያ ነበረች። ንጉሥ አባ ጅፋር 2ኛ (እ.ኤ.አ. 1878–1932) ጅሬን ኮረብታ ላይ ተቀምጠው ሲገዙ፣ ንግዱ የሚደራው ታች ሜዳው ላይ፣ ሂርማታ ነበር። የሲራራ ነጋዴ ቡናውንና ማሩን በበቅሎ ጭኖ ይገባል፤ ባሪያም ይሸጥበት ስለነበር ይህን የታሪክ ገጽ ዘሎ ማለፍ አይገባም። ትልቁ የገበያ ቀን ሐሙስ ነበር።

ጣሊያን በወረራው ዘመን (1928–1933 ዓ.ም.) አስተዳደሩን እዚሁ አካባቢ ተከለ። ፈረንጅ አራዳ የሚለው የሰፈር ስም ፈረንጅ የኖረበትን ዘመን ዛሬም ያስታውሳል።

ነባር የንግድ ቤቶች ያረጁት በዕድሜ ብቻ አይደለም። በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ትርፍ ቤቶች ተወርሰው የመንግሥት ሲሆኑ፣ ኪራዩ ርካሽ ሆኖ ቀረ። ተከራዩ የራሱ ስላልሆነ አያድሰውም፤ ቀበሌው ደግሞ በሚሰበስበው ኪራይ ጣራ እንኳ መቀየር አይችልም። የዛገ ቆርቆሮና የተላጠ ልስን የመጣው እንዲህ ነው።

በቅርብ ዓመታት የኮሪደር ልማቱ ጅማም ደርሷል። የእግረኛ መንገድ እየሰፋ፣ የመንገድ መብራት እየተተከለ፣ መሐል ከተማውን አቋርጦ የሚያልፈው የአዌቱ ወንዝ ዳርቻም እየለማ ነው። አዌቱ መጽዳቱ ብቻውን ትልቅ ነገር ነው። ለነባሩ ሰፈር ግን ከቀለምና ከመብራት ይልቅ የሚከብደው ጥያቄ ነጋዴው ቦታውን ይዞ ይቆያል ወይ የሚለው ነው። በርጩማ ሻጩን እንውሰድ። የጅማ በርጩማ ባለ ሦስት እግር ሲሆን፣ ከአንድ ጉማጅ ግንድ ተፈልፍሎ ይወጣል እንጂ እግሩ በሚስማር አይመታም። ገዢው ገልብጦ እግሮቹን ይደባብሳል፣ መሬት ላይ አስቀምጦ ይቀመጥበታል፣ ከዚያ ነው ዋጋ የሚጠይቀው። ይህ ግብይት የሚፈልገው መንገደኛ ቆም የሚልበት ጥላና ዕቃ የሚዘረጋበት ጥቂት ካሬ ነው። እድሳቱ በረንዳውን ለበርጩማ ሻጩ ካስቀረለት ሂርማታ ገበያ ሆኖ ይቀጥላል፤ ሻጩ ወደ ከተማ ዳር ከተገፋ ግን ከእድሳቱ የሚተርፈው የታደሰ ግድግዳ ብቻ ነው።