የጋዝ ቁፋሮና የቀዛፊዎች ወንዝ፦ ተደጋግመው የሚነገሩ ስህተቶችና እውነታው

ከዋሽንግተን ዲሲ ወይም ከሲልቨር ስፕሪንግ ተነስታችሁ ወደ ምዕራብ ሦስት ሰዓት ያህል ብትነዱ፣ ሜሪላንድ ተራሮች ላይ ዲፕ ክሪክ ሐይቅ ትደርሳላችሁ። በሰመር ቤት ተከራይተው፣ ሥጋ ጠብሰው፣ ልጆች አዋኝተው የሚመለሱ ሐበሾች ጥቂት አይደሉም። ከሐይቁ ራቅ ብሎ ዮከጌኒ የሚባል ወንዝ አለ። የአካባቢው ሰው አሳጥሮ «ዮክ» ይለዋል። ከዌስት ቨርጂኒያ ይነሳል፣ የሜሪላንድን ጋሬት ካውንቲ ያቋርጣል፣ ፔንሲልቬንያ ገብቶ ከመነንጋሂላ ወንዝ ጋር ይቀላቀላል። ከሳንግ ረን እስከ ፍሬንድስቪል ያለው ክፍል የለየለት ካያከኛ (ካያክ በሚባል ጠባብ ትንሽ ጀልባ የሚቀዝፍ ሰው) ብቻ የሚደፍረው ነው። ታች ኦሃዮፓይል ላይ ግን ቤተሰብ ራፍት በሚባል በአየር የተነፋ ጀልባ ላይ ተጭኖ እየጮኸ ይወርድበታል።

ከዚህ ሁሉ ሥር ማርሴለስ የሚባል ጋዝ ያዘለ ድንጋይ ተዘርግቷል። ጋዙ የሚወጣው በፍራኪንግ ነው፦ ውኃ፣ አሸዋና ኬሚካል በከፍተኛ ግፊት ወደ ታች ተገፍቶ ድንጋዩን ይሰነጥቀዋል። እ.ኤ.አ. ከ2008 ገደማ ጀምሮ በጋዝ ሰዎችና በወንዝ ሰዎች መካከል ክርክሩ አልበረደም። እውነቱን ለመናገር ሁለቱም ወገን ያጋንናል። (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

«ሥራው ሁለት ኪሎ ሜትር ጥልቀት ላይ ነው፤ ከወንዙ ጋር ምን አገናኘው?»

የጋዝ ኩባንያ ሰው የሚወዳት መልስ ይህች ናት። ጥልቀቱ እውነት ነው። ማርሴለስ በሚቆፈርበት አብዛኛው ቦታ ከአንድ ተኩል እስከ ሁለት ተኩል ኪሎ ሜትር ይወርዳል። ስንጥቁ ከዚያ ድረስ ተጉዞ ወንዝ ውስጥ ብቅ ይላል ብሎ መስጋት ብዙም አያስኬድም።

ነገሩ ወዲህ ነው። ወንዙን የሚጎዳው ላይ ላዩን ያለው ሥራ ነው። ጉድጓዱ ከመቆፈሩ በፊት ሁለት ሄክታር ገደማ ጫካ ተመንጥሮ ይደለደላል። መንገድ ይወጣለታል። ለቧንቧው ደግሞ ተራራውን ሽቅብ ቁልቁል የሚያቋርጥ መስመር ይጠረጋል። ከዚያ ዝናብ ይመጣል። ልቅ የሆነው አፈር መጀመሪያ የሚወርደው ወደ ትልቁ ወንዝ አይደለም፤ ዘለው ወደሚሻገሯቸው ትንንሽ ገባሮች ነው።

ከእንዲህ ያለ ገባር አንድ ድንጋይ አንሱና ገልብጡት። ጤነኛ ከሆነ ሥሩ ላይ የተጣበቁ፣ የሚርመሰመሱ ጥቃቅን ነፍሳት ታያላችሁ። ትራውት የሚባለው ዓሣ የሚኖረው በእነሱ ነው። እንቁላሉንም የሚጥለው በጠጠሩ መካከል ነው፤ ውኃው በጠጠሩ እየተሽሎከለከለ ኦክስጅን ያደርስለታል። ደለል ክፍተቱን ሲሞላው እንቁላሉ ታፍኖ ይቀራል። ቀዛፊው ደግሞ በደፈረሰ ውኃ ውስጥ ከፊቱ ያለውን ድንጋይ አያይም። ዮክ ላይ ድንጋይ አለማየት ቀልድ አይደለም።

ቦቴዎቹም አሉ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አንድ ጉድጓድ ለመሰንጠቅ 19 ሚሊዮን ሊትር ያህል ውኃ ይፈልግ ነበር፤ አሁን ጉድጓዶቹ ስለረዘሙ ከዚያ በላይ ነው። አንድ ቦቴ 19 ሺህ ሊትር ይጭናል ብንል ለአንድ ጉድጓድ ሺህ ምልልስ ማለት ነው። ዛሬ ብዙ ኩባንያዎች ውኃውን በጊዜያዊ ቧንቧ ስለሚያመጡ ቁጥሩ ቀንሷል። ቧንቧ በሌለበት ግን ያ ሁሉ ከባድ መኪና የሚመላለሰው ካያክ ጣሪያው ላይ የጫነ ቫን በሚያልፍበት ጠባብ የተራራ መንገድ ነው።

ቧንቧ ወንዝ ሲሻገር ሌላ ጣጣ አለ። ብዙ ጊዜ ከወንዙ ሥር ይቆፈርና በዚያ ያልፋል። ለቁፋሮው የሚረጨው ጭቃ ድንጋዩ ውስጥ ስንጥቅ ካገኘ ወደ ላይ ያመልጣል። ነሐሴ 2020 ፊላደልፊያ አቅራቢያ በሚገኘው ማርሽ ክሪክ ሐይቅ የሆነው ይኸው ነው። ሜሪነር ኢስት 2 የተባለው የፕሮፔንና የኢቴን ቧንቧ ሲቆፈር ከ30,000 ሊትር በላይ ጭቃ ሐይቁ ውስጥ ገባ። ሰው ካያክ ተከራይቶ የሚዝናናበት የግዛቱ ፓርክ ነው። የሐይቁ አንድ ጥግ ተዘጋ። እዚያ ቦታ ላይ ግን የጋዝ ጉድጓድ የሚባል ነገር አልነበረም።

«ወንዙን መጥጠው ያደርቁታል»

ይኼኛው ደግሞ የእኛ የወንዝ ወዳጆች ማጋነን ነው። እስቲ እናስላው። 19 ሚሊዮን ሊትር በአንድ ሳምንት ቢቀዳ በሰከንድ 31 ሊትር ገደማ ነው። ታችኛው ዮክ በደህና የሰመር ቀን በሰከንድ 20,000 ሊትር ያህል ያወርዳል። ራፍቱ ላይ የተቀመጠ ሰው ልዩነቱን አያውቀውም። የላይኛው ዮክ ደግሞ በሰመር የሚሞላውም የሚጎድለውም የዲፕ ክሪክ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ውኃ ሲለቅና ሲዘጋ ነው። ካያካችሁን ጭናችሁ ሄዳችሁ ድንጋይ ብቻ ካገኛችሁ፣ ጋዝ ኩባንያውን ከመርገም በፊት የማመንጫውን ፕሮግራም እዩ።

ያው 31 ሊትር በነሐሴ ድርቅ 150 ሊትር ብቻ ከሚያወርድ ገባር ላይ ሲቀዳ ግን አንድ አምስተኛውን ወሰደ ማለት ነው። ያኔ ውኃው ይሞቃል፣ ዓሣው ይጨነቃል። ደግሞም እርሻ ወይም ከተማ የሚወስደው ውኃ ዞሮ ዞሮ በከፊል ወደ ወንዝ ሲመለስ፣ ወደ ማርሴለስ የወረደው በአብዛኛው እዚያው ይቀራል። ፔንሲልቬንያን በሚያቋርጠው ሳስኩዋሃና ወንዝ ላይ ይህን የሚቆጣጠር የተፋሰስ ኮሚሽን አለ። ወንዙ ከተወሰነ መጠን በታች ሲወርድ ቀጂው ፓምፑን እንዲያቆም ያስገድዳል። በድርቅ ጊዜ በተግባር አስቁሟል። ለእኔ ከሁሉም የሚሻለው ሕግ ይህ ነው፤ ጩኸት የለውም፣ ግን ይሠራል።

«ውኃው ጥርት ካለ ንጹህ ነው»

ዓይን እዚህ ላይ ምንም አይጠቅምም። ከማርሴለስ ተመልሶ የሚወጣው ውኃ ከባሕር ውኃ ብዙ እጥፍ ጨዋማ ሊሆን ይችላል። ጨው ሟምቶ ሲገባ ውኃውን አያደፈርሰውም። ከጨው ጋር ብሮማይድ አለ፣ ከድንጋዩ የመጣ ራዲየም የሚባል ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገርም አለ።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ፔንሲልቬንያ ይህን ቆሻሻ ውኃ ወደ ከተማ ፍሳሽ ማጣሪያዎች ትልከው ነበር። ማጣሪያዎቹ ደግሞ ጨው ለማስቀረት አልተሠሩም። የገባው እንዳለ ወንዝ ውስጥ ወጣ። በ2008 መጸው መነንጋሂላ ወንዝ ዝቅ ሲል የሟሟ ጨው መጠኑ ከደረጃው አለፈ። ባለሥልጣናቱ ማጣሪያዎቹ የሚቀበሉትን የጋዝ ፍሳሽ እንዲቀንሱ አዘዙ። ብሮማይዱ በመጠጥ ውኃ ጣቢያዎች ከክሎሪን ጋር ሲገናኝ ለጤና የማይበጁ ውህዶች ይፈጥራል። ግዛቲቱ ኩባንያዎቹን ከግንቦት 2011 ጀምሮ ወደ እነዚህ ማጣሪያዎች መላክ አቁሙ አለች። በ2016 ደግሞ የፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ የዚህ ዓይነቱ ፍሳሽ በከተማ ማጣሪያዎች በኩል እንዳያልፍ ከለከለ።

ውኃው ሲጸዳ ግን ወለሉ አብሮ አይጸዳም። በ2013 የዱክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ብላክሊክ ክሪክ ላይ፣ የጋዝና የዘይት ፍሳሽ የሚያጣራ አንድ ጣቢያ ከሚለቅበት ቦታ ሥር ደለል ለኩ። ራዲየሙ ከላይኛው የወንዙ ክፍል 200 እጥፍ ገደማ ሆኖ ተገኘ።

እንግዲህ ካያክ ተገልብጦበት ውኃ የጠጣ ሰው ምን ይሁን? ሚዛን ይኑረን። አንድ ጉንጭ የተበረዘ የወንዝ ውኃ በጨው ምክንያት ማንንም አይጥልም። ከከባድ ዝናብ በኋላ ሆድ የሚያስይዘው ከፍሳሽና ከከብት እበት የሚመጣው ባክቴሪያ ነው። ጨውን ለማወቅ የፈለገ በእጅ የሚያዝ ትንሽ መለኪያ ይጠቀማል። መሣሪያው ውኃው ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙን ያነባል፤ ጨው ሲበዛ ቁጥሩ ያሻቅባል። ፔንሲልቬንያ ውስጥ በጎ ፈቃደኞች ገባር ለገባር እየዞሩ የሚለኩት በዚህ ነው። አንድ ቀን የተለካ ቁጥር ብቻውን ብዙም አይነግርም። ቁፋሮው ከመጀመሩ በፊት የተያዘ መዝገብ ካለ ግን ማንም ሊያስተባብለው አይችልም።

«ወንዝ ላይ እሳት ከነደደ፣ ዓሣ ካለቀ፣ ጋዝ ነው»

በ2016 በአውስትራሊያ የኒው ሳውዝ ዌልስ ግዛት ፓርላማ አባል የነበረ፣ ጄረሚ ቡኪንግሃም፣ ትንሽ ጀልባ ላይ ሆኖ የኮንደማይን ወንዝን በላይተር ለኮሰው። ውኃው ቦግ ብሎ ነደደ። ቪዲዮው ዓለምን ዞረ። ወንዙ ላይ ሚቴን መንፋፋቱ እውነት ነው፤ በአቅራቢያውም ጋዝ ይወጣል። ነገር ግን ሚቴን በተፈጥሮም ከመሬት ይፈልቃል፣ ከአሮጌ ጉድጓድም ያመልጣል። የትኛው እንደሆነ እሳቱን በማየት አይታወቅም። የጋዝ ቁፋሮ ሚቴንን ወደ ላይ ሲያመጣ ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የጉድጓዱ ሲሚንቶ በደንብ አለመሞላቱ ነው እንጂ ጥልቁ ስንጥቅ አይደለም።

ደንከርድ ክሪክ የበለጠ ያስተምራል። መስከረም 2009 በፔንሲልቬንያና በዌስት ቨርጂኒያ ድንበር ላይ ያለው ይህ ገባር ለብዙ ኪሎ ሜትሮች ዓሣውና ሙሰል የሚባለው ቅርፊት ለባሽ የውኃ እንስሳ አለቀበት። ብዙ ሰው ጣቱን ወደ ጋዝ ቀሰረ። ገዳዩ ወርቃማ አልጌ የሚባል፣ ጨዋማ ውኃ የሚወድ ነገር ሆኖ ተገኘ። ምርመራው ለጨውነቱ በዋናነት ተጠያቂ ያደረገው ከከሰል ማዕድን የሚለቀቀውን ፍሳሽ ነው። የከሰል ኩባንያው በ2011 ቅጣት ለመክፈልና ማጣሪያ ለመሥራት ተስማማ። ለነገሩ ፔንሲልቬንያ ውስጥ ከ8,000 ኪሎ ሜትር በላይ ወንዝና ገባር እስከ ዛሬ የተበላሸው በአሮጌ የከሰል ማዕድን ፍሳሽ ነው። እዚያ ብርቱካናማ ድንጋይ ያለበት ወንዝ ካያችሁ ብዙውን ጊዜ እሱ ነው፤ ጋዝ አይደለም።

«ቀዛፊዎች ጋዝ የሚባል እንዲጠፋ ነው የሚፈልጉት»

አንዳንዱ ይፈልግ ይሆናል። ግን የሚቀዝፍበት ካያክ ፖሊኢታይሊን ፕላስቲክ ነው። አሜሪካ ውስጥ ፖሊኢታይሊን በአብዛኛው የሚሠራው ከተፈጥሮ ጋዝ ጋር ከሚወጣው ኢቴን ነው። ሰምተው ዝም የሚሉ አሉ፣ የሚስቁ አሉ። ብዙዎቹ የሚጠይቁት ጉድጓዱ ከምንጩ እንዲርቅና መንገዱ እንዲጠገን ነው።

«ሜሪላንድ ከልክላለች፤ ተገላግለናል»

ሜሪላንድ ፍራኪንግን የከለከለችው በ2017 ነው። ሕጉን የፈረሙት ሪፐብሊካኑ ገዥ ላሪ ሆገን ናቸው። ጋሬት ካውንቲ በሐይቅና በወንዝ እንግዳ የሚኖር ቦታ ስለሆነ፣ ከነጋዴዎቹም ለክልከላው የቆሙ ነበሩ። ዮክ ግን የድንበር ምልክት አያነብም። ከዌስት ቨርጂኒያ ነው የሚመጣው፣ ወደ ፔንሲልቬንያ ነው የሚሄደው፤ ሁለቱም ይቆፍራሉ።

ክልከላው ቧንቧንም አይመለከትም። ከፔንሲልቬንያ ወደ ዌስት ቨርጂኒያ ጋዝ የሚወስድ ቧንቧ ሃንኮክ ከተማ አጠገብ ከፖቶማክ ወንዝ ሥር ሊያልፍ ታቅዶ ነበር። በጥር 2019 የሜሪላንድ የሕዝብ ሥራዎች ቦርድ በግዛቱ መሬት ማለፊያ አልሰጥም አለ። ፖቶማክ ደግሞ የዲሲ ነዋሪ በየቤቱ የሚጠጣው ውኃ ነው፤ ቡናችን የሚፈላው በእሱ ነው።

የፌዴራሉ ሕግ ይደርስልናል የሚል ካለ፣ በ2005 የወጣው የኢነርጂ ሕግ ፍራኪንግን፣ ናፍጣ እስካልተጠቀመ ድረስ፣ የመጠጥ ውኃ ጥበቃ ሕጉ ወደ ከርሰ ምድር በሚገፋ ፈሳሽ ላይ ከሚያደርገው ቁጥጥር ነፃ አድርጎታል። ስለዚህ ወሳኞቹ ግዛቶችና የተፋሰስ ኮሚሽኖች ናቸው። የደለዌር ወንዝ ኮሚሽን በየካቲት 2021 በተፋሰሱ ውስጥ ፍራኪንግን ጨርሶ ከለከለ። የሳስኩዋሃናው በገደብ ይፈቅዳል። ዮክ የሚገኝበት የኦሃዮ ተፋሰስ ግን የውኃ ቅጂን የሚፈቅድና የሚከለክል እንዲህ ያለ የጋራ ኮሚሽን የለውም፤ እያንዳንዱ ግዛት በየራሱ ሕግ ነው የሚያስተዳድረው።