የኩባንያ ገዢ ምንድን ነው?

«ገዛ» ስንል ሁለት ነገር ማለታችን ነው። ገበሬው በሬ ገዛ፤ ንጉሡ አገር ገዛ። ሸማቹም አስተዳዳሪውም ገዢ ናቸው፤ የትኛውን ማለታችን እንደሆነ ከወሬው ስለሚታወቅ አንደናገርም። ሁለቱ ትርጉሞች አንድ ሰው ላይ የተገናኙበት ሹመት ግን በታሪክ አለ። የኩባንያ ገዢ ማለት ከንግድ ድርጅት ደመወዝ እየተቀበለ አገር የሚያስተዳድር ሰው ነው። ለእኔ የዚህ ሹመት ምንነት ቁልጭ ብሎ የሚታየኝ በጆርጅ ሲምፕሰን ሕይወት ውስጥ ነው።

ካናዳ የኖረ አበሻ «ዘ ቤይ» የሚባለውን መደብር ያውቀዋል። ነጭ መደብ ላይ አረንጓዴ፣ ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር ሰማያዊ መስመር ያለው ወፍራም ብርድ ልብስ የሚሸጥበት፣ በፈረንጆቹ 2025 የተዘጋው ነው። ባለቤቱ ሃድሰንስ ቤይ ኩባንያ በ1670 ከእንግሊዙ ንጉሥ ከዳግማዊ ቻርልስ ቻርተር ሲቀበል፣ ወደ ሃድሰን ባሕረ ሰላጤ የሚፈሱ ወንዞች የሚያጠጡት ምድር በሙሉ ተሰጠው። ከዛሬዋ ካናዳ ሲሶውን ያልፋል። ስሙንም ሩፐርትስ ላንድ አሉት። ክሪዎችን፣ ኦጂብዌዎችንና ሌሎቹን የምድሪቱን ባለቤቶች ግን ያማከረ አልነበረም።

የሚፈለገው የቢቨር ቆዳ ነበር። ቢቨር በጥርሱ ዛፍ እየጣለ ወንዝ የሚገድብ እንስሳ ነው። ከረጅሙ ጠጉሩ ሥር ያለው ለስላሳ ጠጉር ሲጠቀጠቅ እርስ በርሱ ይያያዝና ፌልት የሚባል ጠንካራ የባርኔጣ ጨርቅ ይወጣዋል፤ አውሮፓ ለዚህ ባርኔጣ አብዳ ነበር። ቆዳ በሚገዛባቸው በኩባንያው የንግድ ጣቢያዎች፣ ምሽጎች በሚባሉት፣ የብርድ ልብሱም የድስቱም የጠመንጃውም ዋጋ የሚቆጠረው በቆዳ ነው። መለኪያው «ሜድ ቢቨር» ይባላል፤ በክረምት የተያዘ አንድ ያደገ ቢቨር በደንብ የተዘጋጀ ቆዳ ማለት ነው።

ሲምፕሰን ስኮትላንድ ውስጥ ከጋብቻ ውጭ ተወልዶ ዘመዶቹ ያሳደጉት፣ በኋላም ለንደን በአጎቱ የስኳር ንግድ ቤት በጸሐፊነት የሠራ ሰው ነው። በ1820 ወደ ሰሜን አሜሪካ ሲላክ ስለ ቆዳ ንግድ የሚያውቀው ነገር እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። በዓመቱ ኩባንያው ለረጅም ጊዜ በጠመንጃ ጭምር ሲፋለመው ከነበረው ከኖርዝ ዌስት ኩባንያ ጋር ተዋሐደ። አዲሱ ሰው የሰሜኑን ክፍል ያዘ፤ በ1826 ሁሉም በእጁ ገባ። እስከ ሞተበት እስከ 1860 ድረስም አልለቀቀም። ለንደን ከተማም «ገዢ» የሚባል ሌላ ሰው ነበር፤ እሱ የቦርዱ ሊቀ መንበር ነው። ሲምፕሰን ሪፖርት የሚያደርገው ለዚያ ቦርድ ሲሆን፣ ከቦርዱ ጀርባ ትርፋቸውን የሚጠብቁ ባለአክሲዮኖች አሉ።

ይህ ሰው የገዛው በታንኳ ላይ ተቀምጦ ነው። ቀዛፊዎቹን ሌሊት በስምንት ሰዓት ይቀሰቅሳቸዋል። በ1824 በሃድሰን ባሕረ ሰላጤ ዳር ካለው ከኩባንያው ጣቢያ ከዮርክ ፋክተሪ ተነሥቶ፣ የኮሎምቢያ ወንዝ ፓስፊክ ውቅያኖስ ከሚገባበት በ84 ቀን ደረሰ፤ ከእሱ በፊት ፈጣን ከተባለው ጉዞ ሃያ ቀን ቀነሰ። ምሽግ ሲቃረቡ ታንኳዎቹ ይቆማሉ። ቀዛፊዎቹ ፊታቸውን ታጥበው ጥሩ ልብሳቸውን ይለብሳሉ፣ እሱም ረጅሙን የቢቨር ባርኔጣ ይደፋል። በ1828ቱ ጉዞ ባግፓይፕ የሚነፋ ስኮትላንዳዊ ሳይቀር ይዞ ነበር። እንዲህ በዜማ ታጅቦ ይገባና ወዲያው መዝገብ አስከፍቶ የጠፋውን ዱቄት፣ የተረፈውን ሠራተኛ ይቆጥራል። በ1832 ስለ ሠራተኞቹ ጠባይ በጻፈው የምስጢር ደብተር ደግሞ ሰዎቹን በቁጥር ብቻ ጠቅሶ፣ ስማቸውን በተለየ ወረቀት አኑሯል።

ገዢነቱን በደንብ የሚያሳየው የቢቨሩ ጉዳይ ነው። የኩባንያው ብቻ በሆነው አገር እንስሳው እንዳያልቅ አደን እንዲቀነስ አደረገ። አሜሪካኖች ሊመጡበት በሚችሉት፣ በዛሬዋ አሜሪካ ሰሜን ምዕራብ ባለው በስኔክ ወንዝ አካባቢ ግን አንድም እንዳይቀር እንዲታደን አዘዘ፤ ተፎካካሪ ሲመጣ ባዶ ምድር እንዲያገኝ ነው። አንዱን እንስሳ እዚህ የሚጠብቅ፣ እዚያ የሚያጠፋ ሕግ ከሒሳብ መዝገብ ካልሆነ ከየትም አይወጣም።

በ1828ቱ ጉዞ ማርጋሬት ቴይለርም አብራው ነበረች። አባቷ የኩባንያው ሰው፣ እናቷ ከአገሬው የሆኑት ማርጋሬት ካህን ሳይኖር «በአገሩ ልማድ» የያዛት ሚስቱና የልጆቹ እናት ናት። ለንደን ሄዶ በ1830 የአሥራ ስምንት ዓመት ገደማ የአጎቱን ልጅ ፍራንሲስን አግብቶ ተመለሰ፤ ማርጋሬትም ለአንድ የኩባንያው ሠራተኛ ተዳረች። ይህን ባነበብኩ ቁጥር ልቤ ይከብዳል፤ አስቸጋሪ የነበረው የተራራና የወንዝ መንገድ እሷም የተጓዘችው ነውና።

በ1841 ሰር ተብሎ፣ በዚያው ዓመት ዓለምን ሊዞር ተነሣ። ካናዳን አቋርጦ፣ በካሊፎርኒያና በሃዋይ አልፎ፣ ሳይቤሪያን ከጫፍ እስከ ጫፍ ተጉዞ በ1842 ለንደን ገባ። የጉዞው መጽሐፍ በሁለት ቅጽ በ1847 ታተመ፤ በዝግጅቱ የሌሎች እጅ ቢኖርበትም ስሙ የእሱ ነው። እዚያ ውስጥ በሬይኒ ወንዝ ለምነት ተደንቆ፣ ወደፊት የእንፋሎት መርከቦች የሚመላለሱበት፣ ዳርና ዳሩ በከተሞች የተሞላ ወንዝ በዓይነ ኅሊናው ይስላል።

አሥር ዓመት ቆይቶ በ1857 የእንግሊዝ ፓርላማ ኮሚቴ ጠራው። ጥያቄው፣ የኩባንያው አገር ለእርሻና ለሰፈራ ይሆናል ወይ የሚል ነበር። ገበሬ ከገባ ቢቨሩ ይሸሻል፣ ንግዱም ያበቃል። ሲምፕሰንም አይመችም፣ አዝመራውም አያስተማምንም ብሎ መለሰ። ያን ጊዜ የራሱን መጽሐፍ አውጥተው የሬይኒ ወንዙን ገጽ አነበቡለት። እኔ ያልኩት ስለ ወንዙ ዳር ብቻ ነው፣ ጥቂት ገባ ሲሉ ረግረግ ነው አለ። ተጓዡ ያየውን ገዢው ካደው።

ሲምፕሰን ከሞተ ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ1870 ሩፐርትስ ላንድ ወደ ካናዳ ተላለፈ፤ ኩባንያው 300,000 ፓውንድ ተቀበለ። በዛሬዋ ዊኒፔግ አካባቢ በነበረው በሬድ ሪቨር ሰፈር የሚኖሩት ሜቲሶች፣ ብዙዎቹ እንደ ማርጋሬት ካሉ እናቶች የተወለዱ፣ ሳይጠየቁ አገራቸው መሸጡን ሰምተው በሉዊ ሪየል መሪነት ተነሥተው ነበር።