«ኃይል ሰጪ፣ ገንቢ» የሚለው ክፍፍል ሕዋስን አያስረዳም

በባሕር ዳር ባዮሎጂ ሳስተምር በየዓመቱ ትዕግሥቴን የሚፈታተን አንድ መልስ አለ። ካርቦሃይድሬት በሕዋስ ውስጥ ምን እንደሚሠራ ስጠይቅ ክፍሉ በአንድ ድምፅ «ኃይል ይሰጣል!» ይለኛል፤ ስለ ፕሮቲን ስጠይቅ ደግሞ «ሰውነት ይገነባል!» ይላል። ልጆቹ በአንደኛ ደረጃ ስለ ምግብ የሸመደዱትን ክፍፍል እንዳለ ወደ ሕዋስ ያመጡታል።

ከሁሉ የከፋው የመጀመሪያው ነው። አንድ ጎበዝ ተማሪ በፈተና ወረቀቱ ላይ «ደንገል ካርቦሃይድሬት ስላለው ለሰው ኃይል ሰጪ ነው» ብሎ ጻፈ። በማግስቱ ክፍሉን ይዤ ወደ ሐይቁ ዳር ወረድኩና፣ ታንኳ ከሚሠራበት ደንገል አንዱን አገዳ በቢላ ቆረጥኩላቸው፤ ሦስት ማዕዘን ያለው፣ ከውጭ አረንጓዴና ጠንካራ፣ ከውስጥ ነጭና አየር የሞላበት ነው። አገዳውን ቀጥ አድርጎ የሚያቆመው በሕዋሶቹ ግድግዳ ያለው ሴሉሎስ ነው። ሴሉሎስም ሆነ የዳቦ ስታርች የተሠሩት ግሉኮስ ከሚባለው ስኳር ብቻ ነው፤ የሚለያዩት በመጋጠሚያቸው ነው። በስታርች ግሉኮሶቹ በአንድ አቅጣጫ ዞረው ስለሚያያዙ ሰንሰለቱ ይጠመዘዛል፤ በሴሉሎስ ግን እያንዳንዱ ተከታይ ግሉኮስ ተገልብጦ ስለሚጋጠም ሰንሰለቱ ቀጥ ብሎ ይዘረጋል፣ ከጎረቤቶቹም ጋር በሃይድሮጂን ትስስር ተጣብቆ ጠንካራ ቃጫ ይሆናል። ምራቃችን ውስጥ ያለው አሚሌዝ የስታርችን መጋጠሚያ ይቆርጣል፤ ለዚህም ነው ዳቦ አፍ ውስጥ ብዙ ሲታኘክ የሚጣፍጠው። የሴሉሎስን መጋጠሚያ ግን አይነካውም። በሐይቁ ዳር የሚግጡት ከብቶችም ቢሆኑ ሴሉሎሱን የሚያፈርሱላቸው በሆዳቸው ያሉ ረቂቅ ተሕዋስያን ናቸው።

አሚሌዝ ራሱ ፕሮቲን ነው፤ ሥራው ግን መቁረጥ እንጂ መገንባት አይደለም። ሄሞግሎቢንም ፕሮቲን ሆኖ ኦክስጅን ያጓጉዛል፤ በአንድ ቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ወደ 270 ሚሊዮን የሚጠጋ ሞለኪውል አለ። ሄሞግሎቢን ከተሠራባቸው ሰንሰለቶች በአንዱ ዓይነት፣ ቤታ በሚባለው፣ ካሉት 146 አሚኖ አሲዶች (የፕሮቲን ጡቦች) 6ኛው ብቻ ከግሉታሚክ አሲድ ወደ ቫሊን ሲለወጥ፣ ከሁለቱም ወላጆች ይህን ለውጥ በወረሰ ሰው ደም ውስጥ ኦክስጅን ሲቀንስ ሕዋሱ እንደ ማጭድ ይቆለመማል፣ ቀጭን የደም ሥሮችንም ይዘጋል።

«ስብ ትርፍ ክምችት ነው» ለሚሉ፦ እያንዳንዱ ሕዋስ የተከለለው በድርብ የቅባት ሽፋን ነው። «ሕዋስ ሁሉ ኒውክለስ (ዲኤንኤ የሚቀመጥበት እምብርት) አለው» የሚለውም ስሕተት ነው፤ የሰው ቀይ የደም ሕዋስ ሲበስል ኒውክለሱን ያስወጣል። የጉበትና የነርቭ ሕዋሶችም የሚለያዩት ዲኤንኤአቸው ስለተለያየ ሳይሆን፣ ከአንዱ ዲኤንኤ የተለያዩ ፕሮቲኖችን ስለሚሠሩ ነው።

የሙያ ባልደረቦቼን የምለምነው «ኃይል ሰጪ፣ ገንቢ» የሚለውን ሠንጠረዥ ከማስገልበጣችሁ በፊት ቁራሽ ዳቦና አንድ የደንገል አገዳ ይዛችሁ እንድትገቡ ነው። ዳቦው ይታኘክ፣ አገዳው ይቆረጥ፤ ከዚያ በኋላ «ሁለቱም ከግሉኮስ ከተሠሩ ምን ለያቸው?» ብላችሁ ጠይቁና መልሱን ከልጆቹ ጠብቁ።