የፒክአፕ ፍሬን ማሻሻል፦ የሚወራውና እውነታው

ፒክአፕ ያለው ሰው ፍሬኑ ሲሰንፍበት ምክር አያጣም። አንዱ «ትልቅ ዲስክ ግጠም» ይለዋል፣ ሌላው «የኋላውን ታምቡር ጣለው» ይለዋል። (ዲስክ ከጎማው ጋር የሚዞርና ሸራ፣ ማለትም የሚፋተገው ክፍል፣ ከጎን የሚጨምቀው ሳህን ነው፤ ታምቡር ደግሞ ሸራው ከውስጥ የሚገፋው ከበሮ ነው።) ምክሩ ሁልጊዜ የሚጀምረው ከውዱ ዕቃ መሆኑ ነው ጣጣው። ከፋብሪካ እንደወጣ ባለ ፒክአፕ ላይ በትንሽ ወጪ ትልቅ ለውጥ የሚያመጣው ነገር አብዛኛውን ጊዜ ለዓይን የሚስብ አይደለም። እስቲ የሚወራውን አንድ በአንድ እንየው።

«ትልቅ ዲስክ ከተገጠመ መኪናው ቶሎ ይቆማል»

ፍሬን የሚይዘው ጎማውን ነው። መሬቱን የሚይዘው ደግሞ ጎማው ነው። ራሳችሁ መፈተሽ ትችላላችሁ። ደረቅ፣ ጭር ያለና ማንም የማይከተላችሁ ቦታ ፈልጉ። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር እየሄዳችሁ ፍሬኑን ጠበቅ አድርጋችሁ ርገጡት። ጎማው ከተቆለፈ ወይም ኤቢኤሱ (ጎማ እንዳይቆለፍ የሚከላከለው ሥርዓት) እግራችሁ ሥር መንዘር ከጀመረ ፍሬናችሁ ጉልበት አላነሰውም። ጎማው መሬቱን መያዝ ከሚችለው በላይ እየጨመቀው ነው። እዚያ ላይ ሌላ ጉልበት ብትጨምሩ በአንድ ርግጫ የምትቆሙበት ርቀት አያጥርም። ያለቀ ወይም በዕድሜ የደረቀ ጎማ ካላችሁ ለዲስክ ያሰባችሁትን ገንዘብ ጎማ ላይ አውሉት።

ታዲያ ትልቅ ዲስክ ምን ይሠራል? ሙቀት ይሸከማል። ፍሬን ማለት የመኪናውን ሩጫ ወደ ሙቀት መቀየር ነው። ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር ሙቀቱ 4 እጥፍ ይሆናል። በ100 የምትሄድን መኪና ማቆም በ50 የምትሄደውን 4 ጊዜ እንደማቆም ነው። ጭነት ይዞ ረጅም ቁልቁለት የሚወርድ ወይም ተጎታች የሚስብ ሰው ወፍራም ዲስክ በእርግጥ ይጠቅመዋል። ለእሱም ቢሆን ከዕቃው በፊት ማርሽ አለ። ቁልቁለቱን በከባድ ማርሽ መውረድ በነፃ የሚገኝ ፍሬን ነው።

እዚህ ላይ አንድ የታዘብኩት ነገር አለ። «ፍሬኔ ደከመ» ከሚሉት ውስጥ ብዙዎቹ በቅርቡ ትልቅ ጎማ ያስገጠሙ ናቸው። ጎማው ከ31 ወደ 33 ኢንች ሲያድግ በዚያው ርግጫ መሬት ላይ የሚያርፈው የፍሬን ኃይል 6 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ጎማው ራሱም ይከብዳል። በዚያ ላይ የፍጥነት መለኪያው ካልተስተካከለ ከእውነተኛው ፍጥነት ዝቅ አድርጎ ስለሚያሳይ ሳታውቁት እየፈጠናችሁ ነው።

«ፔዳሉ ከለሰለሰ ማስተሩ ትልቅ መሆን አለበት»

ይህ በጣም የሚያሳስት ነው፤ ምክንያቱም ማስተሩ (ፔዳሉ ሲረገጥ ፈሳሹን የሚገፋው ሲሊንደር) ሲቀየር ፔዳሉ እውነትም ይጠነክራል። ሰውየው ደስ ብሎት ይሄዳል። ነገር ግን የማስተሩ ፒስተን ሲሰፋ በዚያው የእግር ኃይል የሚፈጠረው ግፊት ይቀንሳል። ከ7/8 ኢንች ወደ 1 ኢንች ብትቀይሩ ግፊቱ በ23 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ፔዳሉ ጠነከረ፣ ፍሬኑ ግን ሰነፈ።

የለሰለሰ ፔዳል አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ምክንያት አለው። አንደኛው መስመሩ ውስጥ የገባ አየር ነው። ሁለተኛው ያረጀ የላስቲክ ቱቦ ነው፤ ሲረገጥ ይነፋል፣ ግፊቱን ይበላል። በሽቦ የተጠለፈው ቱቦ ጥሩ ነው፤ አዲስ የላስቲክ ቱቦም ቢሆን አብዛኛውን ለውጥ ያመጣል። ሦስተኛው የሚረሳው ነው፦ የኋላ ታምቡር ማስተካከያ። ራሱን በራሱ ያስተካክላል የተባለው ክፍል በአቧራና በዝገት ተይዞ ይቀራል። ምልክቱ ቀላል ነው። ፔዳሉ መጀመሪያ ጠልቆ ይወርዳል፣ ሁለቴ ሦስቴ ስትረግጡት ከፍ ይላል። ያኔ ታምቡሩ ተከፍቶ፣ ተጠርጎ ይስተካከል። ለዕቃ የሚወጣ ገንዘብ የለም።

እኔ ራሴ አንዴ በዚህ ዓይነት ነገር ተሸውጃለሁ። መኪናው ፍሬን ስይዝ ወደ ግራ ይጎትት ነበር። ሸራ ቀየርኩ፣ ዲስክ ቀየርኩ፣ አልዳነም። ለካ የቀኙ ካሊፐር (ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጨምቀው ክፍል) የሚንሸራተትበት ፒን ደርቆ ተይዟል። ተጠርጎ፣ ለፍሬን የተሠራ ቅባት ተቀብቶ ተመለሰ። በቃ፣ መጎተቱ ቀረ።

«የፍሬን ዘይት ካልጎደለ አይቀየርም»

ዘይት እንለዋለን እንጂ በአብዛኛው መኪና ውስጥ ያለው ዘይት አይደለም። እርጥበት ከአየር የሚስብ ፈሳሽ ነው። ሳይጎድል ያረጃል። አዲስ ዶት 3 (ዶት የፈሳሹ ደረጃ መለያ ነው) ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ መቆየት አለበት። 3.7 በመቶ ውሃ ሲገባበት መስፈርቱ ወደ 140 ይወርዳል። ዶት 4 ከ230 ተነስቶ 155 ላይ ይደርሳል። ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሲግል ይህ ልዩነት ትልቅ ነው። ፈሳሹ ከፈላ እንፋሎት ይፈጠራል፣ እንፋሎት ደግሞ ይጨመቃል። ስለዚህ ፔዳሉ ያለ ምንም ተቃውሞ እስከ ወለሉ ይወርዳል።

ለዚህ ነው በ2 ዓመት አንዴ ሙሉ በሙሉ ማስቀየር ዋጋ ካላቸው ርካሽ ማሻሻያዎች አንዱ የሆነው። ዶት 3 የሚጠቀም መኪና አብዛኛውን ጊዜ ዶት 4ን ይቀበላል፤ የመኪናውን መመሪያ ወይም የማጠራቀሚያውን ክዳን ተመልከቱ። ዶት 5 ግን ሌላ ነገር ነው። ሲሊኮን ስለሆነ ከእነዚህ ጋር አይቀላቀልም፣ ኤቢኤስ ላለው መኪናም አይሆንም። ስሙ የሚመሳሰለው ዶት 5.1 ከዶት 3 እና ዶት 4 ወገን ነው። ዶት 5ን ከዶት 5.1 በስም የሚለያቸው «.1» ብቻ ነው፣ ዕቃው ላይ ያለውን ጽሑፍ አስተውላችሁ ግዙ። የሞተር ዘይትማ ጠብታም እንዳይገባ፤ ጎሚኒዎቹን (የላስቲክ ማሸጊያዎቹን) አሳብጦ ያበላሻቸዋል።

ፈሳሹ ከጎደለስ? ዝም ብሎ መሙላት ሳይሆን ምክንያቱን መፈለግ ነው። ወይ ሸራው አልቋል፣ ወይ የሆነ ቦታ ያፈስሳል።

«የተበሳሳ ዲስክ ይሻላል»

ቀዳዳው በዋነኝነት ከድሮ ሸራዎች ይወጣ የነበረውን ጋዝ ለማስወጣት የመጣ ነው። የዛሬ ሸራ ያን ያህል ጋዝ የለውም። ቀዳዳው ብረት ይቀንሳል፣ ስንጥቅም የሚጀምረው ከእሱ ጫፍ ነው። ለሚጭን ፒክአፕ ጥሩ ጥራት ያለው ድፍን ፊት ዲስክ ይበቃል። ያምራል ካላችሁ አልከራከርም።

«ሴራሚክ ሸራ ከሁሉም ይበልጣል»

ሴራሚክ ድምፁ ትንሽ ነው፣ ቸርኬም ብዙ አያጠቁርም። ለቤት መኪና ግሩም ነው። ለጭነት ግን ብረት የተቀላቀለበት ሸራ ሙቀት ላይ ብዙ ጊዜ የተሻለ ይይዛል። ትንሽ ይጮህ ይሆናል፣ ዲስኩንም ፈጠን አድርጎ ይበላል። ምርጫው የእናንተ ነው።

ከምርጫው በላይ ግን ማለማመዱ ይረሳል። አዲስ ሸራ ተገጥሞ በዚያው ቀን ቁልቁለት አይወረድበትም። በሰዓት ከ50 ወደ 10 ኪሎ ሜትር መለስ ባለ ርግጫ 8 ወይም 10 ጊዜ ፍጥነት ቀንሱ፣ ፈጽሞ ሳትቆሙ። ከዚያ ፍሬን ሳትነኩ ጥቂት ደቂቃ ነድታችሁ አቀዝቅዙት። የሸራው አምራች የተለየ መመሪያ ከሰጠ እሱን ተከተሉ። ይህን ያልተደረገለት፣ ወይም በጋለበት ተረግጦ የቆመ ሸራ ዲስኩ ላይ ወጣ ገባ ቅሪት ይጥላል። ያኔ መሪው ይንቀጠቀጣል፣ «ዲስኩ ተጣሟል» ይባላል። አብዛኛውን ጊዜ አልተጣመመም።

«የኋላው ዲስክ ካልሆነ ፍሬን አይባልም»

ፍሬን ሲያዝ ክብደቱ ወደ ፊት ይወድቃል። ሥራውን በብዛት የሚሠራው የፊቱ ነው፤ ባዶ ፒክአፕ ላይ ደግሞ የኋላው ጭራሽ ቀላል ነው። የኋላ ታምቡር በደንብ ከተስተካከለ ድርሻውን ይወጣል፣ እንደ እጅ ፍሬንም ጠንካራ ነው። ወደ ዲስክ መቀየር ብዙ ወጪ አለው፣ ትርፉ ትንሽ ነው።

ኋላው ላይ መታየት ያለበት ሌላ ነገር ነው። ብዙ ፒክአፖች ከኋላ አክሰል ጋር በዘንግ የተያያዘ፣ ጭነት የሚለካ ቫልቭ አላቸው። ጭነት ሲጫን አካሉ ዝቅ ይላል፣ ዘንጉ ይገፋል፣ ቫልቩ ለኋላ ፍሬን ተጨማሪ ግፊት ይለቅቃል። ባዶ ሲሆን ይቀንሳል፣ ኋላው እንዳይቆለፍና መኪናው እንዳይዞር። አሁን መኪናውን በባሌስትራ ከፍ አደረጋችሁት እንበል። ቫልቩ ምስኪን፣ ሙሉ ጭነት ይዛችሁም «ባዶ ነው» ብሎ ያምናል። የኋላው ፍሬን ይተኛል። መፍትሔው ዘንጉን በመመሪያው መሠረት እንደገና ማስተካከል ነው። ነቅሎ መጣሉ አያዋጣም፤ ባዶ መኪና እርጥብ መንገድ ላይ በኋላ ጎማ ይንሸራተታል።

«የከባዱ ሞዴል ካሊፐር ዝም ብሎ ይገጠማል»

ይህ ግማሽ እውነት ነው። ከዚያው ቤተሰብ ከባድ ሞዴል የተወሰደ ዲስክና ካሊፐር ብቁ ነው፤ ርካሹ እውነተኛ ማሻሻያም እሱ ነው። ግን ከመግዛታችሁ በፊት ቸርኬያችሁ ውስጥ ይገባ እንደሆነ ለኩ። ፒስተኑ ሲሰፋ ማስተሩ ብዙ ፈሳሽ መግፋት ስላለበት ፔዳሉ ጠልቆ ይወርዳል። የፊትና የኋላ ሚዛኑም ይለወጣል። ስለዚህ ከገጠማችሁ በኋላ በዝቅተኛ ፍጥነት፣ አንዴ ባዶውን አንዴ ጭናችሁ ሞክሩት፤ የትኛው ጎማ ቀድሞ እንደሚቆለፍም ከውጭ ሆኖ የሚያይ ሰው ይኑር።